የዋሻው ሰውና መነኩሴው

ዘርዐ ያዕቆብን ያወቅሁት በዩኒቨርሲቲ ተማሪነቴ ዘመን፣ ጠርዙ በተበላ የተባዛ ወረቀት ላይ ነው። በአንድ ሌሊት ጨረስሁት። በማግስቱ ለወዳጆቼ ሳወራ ደረቴን ነፍቼ እንደነበር አልክድም፤ ዴካርት በአውሮፓ ሲያስብ የኛም ሰው በተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ያስብ ነበር እያልሁ። ከዓመታት በኋላ ታዲያ ውጭ አገር ፍልስፍና ያጠና ጓደኛዬ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «እሱን እኮ የጻፈው ጣሊያን ነው» አለኝ። ንብረቴን የተቀማሁ ያህል ደነገጥሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የካፑቺን መነኩሴ በ1846 ወደ አገራችን መጥቶ ግዕዝ ተማረ። ለፈረንሳዊው ተመራማሪ ለአንቷን ዳባዲ የብራና መጻሕፍት ያፈላልግለትም ነበር። በ1850ዎቹ መጀመሪያ «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ»ን አገኘሁ ብሎ ገልብጦ ላከለት። በዳባዲ ስብስብ ውስጥ የገቡት ቅጂዎች ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው፤ ከነሱ የሚቀድም ቅጂ እስካሁን አልታወቀም። የጥርጣሬው ሁሉ ሥር ይኸው ነው።

በ1904 ኤኖ ሊትማን ጽሑፉን ሲያሳትመው የአውሮፓ ምሁራን ተደንቀው ነበር። በ1920 ግን ኮንቲ ሮሲኒ፣ አባ ተክለ ሃይማኖት የተባሉ ኢትዮጵያዊ የካቶሊክ ካህን የተዉትን ማስታወሻ ይዞ ብቅ አለና ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው አለ። በ1934 ጀርመናዊው ሚትቮክ ተከተለው። አንድ መረጃ እኔንም ከንክኖኛል፦ ዘርዐ ያዕቆብ ተወለድሁ የሚለው ነሐሴ 25 ቀን ነው፤ ጁስቶም የተወለደው በ1814 ኦገስት 30፣ በዚያው ዘመን ስሌት ነሐሴ 25 ቀን ነው። አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን በቀላሉ አላለፍሁትም።

መልስ የሰጡት በዋናነት ክሎድ ሰምነር ናቸው። ካናዳ ተወልደው፣ በ1953 አዲስ አበባ መጥተው፣ እድሜያቸውን እዚሁ የፈጁ ሰው። ጁስቶ ከፈረንሳይኛ ወደ ግዕዝ የተረጎመውን መጽሐፍ ከ«ሐተታ»ው ጋር አስተያይተው የሁለት ሰው እጅ ነው አሉ። ክርክሩ ግን አልበረደም። በ2013 ፈረንሳዊቷ የታሪክ ምሁር አናይስ ቪዮን የጁስቶን ደራሲነት እንደገና አጠናክራ ተከራከረች። ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ ቀድሞ ይጠራጠሩ የነበሩት፣ በ2017 ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ወደሚለው አዘነበሉ። ሐሳብን መለወጥ ለሊቅ ቀላል አይደለም፤ ይህን ሳነብ ባርኔጣዬን አነሣሁላቸው። በ2023 ደግሞ ራልፍ ሊ፣ መሐሪ ወርቁና ዌንዲ ቤልቸር አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም አወጡ።

እኔ በበኩሌ ይህን ሁሉ ካገላበጥሁ በኋላ ወደ መጽሐፉ ተመለስሁ። በሱስንዮስ ዘመን ጠላቱ ነገር ሠርቶበት የሸሸው ሰው፣ የያዘው ትንሽ ወርቅና መዝሙረ ዳዊት ብቻ ነው። ሁለት ዓመት በዋሻ ከረመ። ሁሉም «የኔ ሃይማኖት ትክክል ነው» ሲል ዳኛው ማነው ብሎ የጠየቀውም እዚያ ነው። ከዚያ እንፍራዝ ወርዶ ሀብቱ ለተባለ ባለጸጋ እየጻፈ፣ ልጆቹንም እያስተማረ ኖረ። ሀብቱ ኂሩት የምትባል አገልጋይ ነበረችው። ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ትሁነኝ ብሎ ሲጠይቀው፣ ገረድህ ትሁን ይለዋል። እሱ ግን፦ ገረድ ሳትሆን ሚስት፤ ባልና ሚስት በትዳር እኩል ናቸውና። መልኳ እንደማያምር ሳይደብቅ፣ ብልህና ታጋሽ መሆኗን ይነግረናል።

ይህን ገጽ ምንኩስናው የሰለቸው ጣሊያናዊ ሊጽፈው ይችላል? ይችላል። ብዕር እየሸጠ ያደረ የአክሱም ደብተራስ? እሱም ይችላል። ሚዛኔ ወደ ደብተራው ያደላል፤ የዳዊቱ ጥቅስ በየአንቀጹ መርፌ ሳይታይበት ተሰፍቷልና፣ ይህን መማር ለውጭ ሰው የአምስት የስድስት ዓመት ሥራ አይመስለኝም። በሰምነር ልፋት ተደግፌ ነው እንጂ በኩራቴ አይደለም ለማለት እወድ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ባለፈው ክረምት መጽሐፉን እንደገና ሳነብ፣ ማን ጻፈው ብዬ ሳልቆም ያለፍሁት የኂሩትን ገጽ ብቻ ነው።