የሞተ ዓሣና የተመረዘ ዓሣ፤ ከብርብራ እስከ ሚናማታ

ከእንጅባራና ከዳንግላ አካባቢ ከሚነሡት ጅረቶች ከፊሎቹ በግልገል ዓባይ በኩል ጣና ሐይቅ ይገባሉ፤ ከፊሎቹም በቀጥታ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በጣና ገባር ወንዞች፣ ለምሳሌም በጉማራ፣ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት አንድ የማጥመድ ዘዴ አለ። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ዱቄቱ በዝግታ በሚፈስ ውኃ ላይ ይበተናል። ዓሣው ደንዝዞ ሲንሳፈፍ አጥማጁ በእጁ ይለቅመዋል። ከዚህም የተነሣ የአካባቢው ተማሪ «የተመረዘ ውኃ» ሲባል በቅድሚያ የሚታየው የሞተ ዓሣ ነው።

በብርብራ ፍሬ ውስጥ የሚገኘው ሮቴኖን የተባለው ንጥረ ነገር ዓሣው በኦክሲጅን እንዳይጠቀም ያግደዋል። ሆኖም በፀሐይ ብርሃንና በሙቀት ስለሚፈራርስ በውኃ ውስጥ ብዙ አይቆይም። ዋናው ጉዳቱ በዘር ላይ ነው፤ ነጭ ዓሣ በክረምት ዕንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዝ ሲወጣ እናቱም ጫጩቱም አብረው ያልቃሉ።

ዓሣውን ሳይገድል በሰው ላይ አደጋ የሚያደርሰው መርዝ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ይህንንም ለዓለም ያሳወቀው የጃፓን የሚናማታ ከተማ ታሪክ ነው። በዚያ የነበረው የቺሶ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። በመጀመሪያ ድመቶች እየተንዘፈዘፉ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1956 በሽታው በሰዎች ላይ መታየቱ በይፋ ተመዘገበ፤ እጅና እግራቸው የደነዘዘ፣ ዓይናቸውና ንግግራቸው የታወከ ሰዎች ነበሩ። ጤነኛ ከሚመስሉ እናቶችም አእምሯቸው የተጎዳ ሕፃናት ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1959 የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምክንያቱ ሜርኩሪ መሆኑን ቢገልጹም፣ መንግሥት ይህንን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ሕዝቡ ዓሣውን መብላቱን አላቋረጠም፤ ዓሣው ሲታይ ደኅና ነበርና።

የነገሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። ሜርኩሪ በውኃ ውስጥ በረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለወጣል። ይህን ረቂቃን ነፍሳት፣ እነርሱን ትንሹ ዓሣ፣ ትንሹንም ትልቁ ሲበላው በየደረጃው መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። መቀቀልም ሆነ መጥበስ አያጠፋውም።

ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በሐዋሳ ሐይቅ በተደረገ ጥናት፣ ሌሎች ዓሣዎችን በሚበላው ትልቅ ነጭ ዓሣ የተገኘው ሜርኩሪ ዕፅዋት ከሚመገበው ቆሮሶ ከፍ ያለ ሆኗል። ለወባ መከላከያ ለብዙ ዓመታት ሲረጭ የኖረው ዲዲቲም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሣ ስብ ውስጥ ተገኝቷል።

እንግዲህ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባናል። አንደኛ፣ ትምህርቱ ሕዝቡን ከዓሣ የሚያሸሽ መሆን የለበትም፤ ዓሣ ገንቢ ምግብ ነው፣ በጾም ወራትም ገበያው ይደራል። ሁለተኛ፣ መምህሩ ተማሪው ከሚያውቀው ከብርብራ ተነሥቶ ወደማያውቀው ይምራው፤ የጸረ ተባይ ዕቃ በወንዝ ማጠብ ወይም በእርሻ መድኃኒት ዓሣ ማጥመድ ከብርብራ ጋር አንድ እንዳልሆነ ያስረዳው። የአዊ ተማሪ በላይኛው ተፋሰስ የሚኖር ነው፤ እርሱ በጅረት የጣለው ነገር በታች ባለው ሰው ማዕድ ላይ ሊገኝ ይችላል። ሚናማታ ለዘጠኝ ዓመታት መዘግየት የከፈለችውን ዋጋ የእኛ ልጆች በክፍል ውስጥ ቢማሩት ይሻላል።