ከጥጡ ባሻገር ሸሚዙን ያዩት ነጋዴ

 

«ባለ ራዕይ» የሚለው ቃል በመካከላችን በጣም ረክሷል። ሦስት ፎቅ ያስመረቀ ባለ ራዕይ ነው። ከዱባይ ዕቃ ጭኖ ያስመጣም ባለ ራዕይ ነው። አዲስ ሱቅ ከፍቶ ሪባን ያስቆረጠም እንዲሁ። ይህን ስም የምናወጣለት ሰው ስላየው ነገር ነው ወይስ ስለያዘው ገንዘብ? ጥያቄው የቃል ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሬዲዮ ሰዓታችንን ባላባከንንበት ነበር። ነገር ግን ብዙዎቻችን ለልጆቻችን ብለን ያጠራቀምናትን ጥሪት «ራዕይ አለኝ፣ አክሲዮን ግዙ» ላለን ሰው አስረክበናል። ከመካከላችን የተጠቀመ አለ፣ ደረሰኙን በፌስታል ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠም አለ። ስለዚህ እውነተኛውን ከአስመሳዩ የምንለይበት ነገር ያስፈልገናል። ለዚህ ይረዳን ዘንድ የአንድ ግብፃዊ ነጋዴ ታሪክ መርጠናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንናገር።

ታሪኩ ከጥጥ ይጀምራል። በ1861 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ጥጥ አጡ። ፊታቸውን ወደ ግብፅ አዞሩ፤ የጥጥ ዋጋም ሰማይ ነካ። የናይል ደልታ ገበሬ እህሉን ትቶ ጥጥ ዘራ። በ1865 ጦርነቱ አበቃና ዋጋው ወረደ፤ አገሪቱ ግን ከጥጡ ጋር እንደታሰረች ቀረች። በ1882 እንግሊዞች ግብፅን ሲይዙ ማሰሪያው ይበልጥ ጠበቀ። ጥጡ ከእስክንድርያ ወደብ ተጭኖ ወደ ላንካሻየር ይሄዳል፤ እዚያ ይፈተላል፣ ይሸመናል፤ ጨርቅ ሆኖ ተመልሶ ያንኑ ጥጥ ላመረተው ገበሬ በውድ ይሸጣል። «ታዲያ ለምን እዚያው አይሸምኑም ነበር?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። የሞከሩ ነበሩ። ነገር ግን በ1901 ሎርድ ክሮመር የሚመሩት አስተዳደር በአገር ውስጥ በሚሸመን የጥጥ ጨርቅ ላይ ስምንት በመቶ ቀረጥ ጣለ፤ ከውጭ በሚገባው ላይ ከተጣለው እኩል ማለት ነው። በገዛ አገር የተሸመነው ጨርቅ እንደ ባዕድ ዕቃ ተቀረጠ።

ገንዘቡም የሰው ነበር። በ1898 «የግብፅ ብሔራዊ ባንክ» የሚባል ድርጅት ተቋቋመ፤ ስሙ የግብፅ ይሁን እንጂ ካቋቋሙት መካከል ዋናው ኧርነስት ካስል የሚባሉ የለንደን ባለ ገንዘብ ነበሩ። ይህ ባንክ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1905 ከአፄ ምኒልክ ጋር ተዋውሎ በአገራችን የመጀመሪያውን ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክን፣ ያቋቋመው እሱ ነው። እኛም ይህን ባንክ ከውጭዎቹ እጅ ገዝተን የኢትዮጵያ ባንክ ያደረግነው በ1931 ነው። እንግዲህ የካይሮና የአዲስ አበባ ነጋዴ ለተወሰኑ ዓመታት የአንድ ባንክ ደጅ ጠኚዎች ነበሩ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰውዬው እንምጣ። ሙሐመድ ጦልዐት ሐርብ በ1867 በካይሮ፣ ከአል-አዝሃር ብዙ በማይርቀው ገማሊያ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የባቡር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። በ1889 ከሕግ ትምህርት ቤት ተመረቁ፤ በመንግሥት የመሬት አስተዳደር ሠሩ፤ በኋላም የመሬት ኩባንያዎችን መሩ። ብዕርም ነበራቸው። በ1899 ቃሲም አሚን ስለ ሴቶች ነጻ መውጣት በጻፉት ላይ መልስ የጻፉት እሳቸው ናቸው። የዚያ ክርክር ነገር ራሱን የቻለ ዝግጅት ስለሚፈልግ ዛሬ አንገባበትም።

በ1907 ካይሮ በገንዘብ ቀውስ ተመታች። በየዓመቱ በጥጥ መልቀሚያ ወቅት ከአውሮፓ ይመጣ የነበረው ገንዘብ ቀረ፤ የመሬትና የአክሲዮን ዋጋ ወደቀ፤ ትናንት ሀብታም የነበረ ዛሬ ባለ ዕዳ ሆነ። ብዙ ሰው ያየው የራሱን ኪሳራ ነበር። ጦልዐት ሐርብ ግን ሌላ ነገር አዩ። ውኃው ያለው ጎረቤት ግቢ ውስጥ ነው፤ ጎረቤት ቧንቧውን የዘጋ ዕለት እኛ እንጠማለን። በሽታውን ያዩት ከዚህ ላይ ነው።

ሦስት ዓመት ቆይቶ ሌላ ጉዳይ መጣ። የስዊዝ ቦይ ኩባንያ በ1968 የሚያበቃው ውሉ እስከ 2008 እንዲራዘምለት ጠየቀ። ልብ በሉ! ብዙዎቻችን በአካል የኖርንበት ዓመት ነው። ለዚህም አገሪቱ በጊዜው ገንዘብ ይሰጣት ነበር። ጦልዐት ሐርብ የቦዩን ሒሳብ የሚተነትን መጽሐፍ ጽፈው ተቃወሙ፤ በ1910 ጉባኤው ሐሳቡን ውድቅ አደረገው። ሌላው ዛሬ የሚገኘውን ገንዘብ ሲቆጥር እሳቸው ገና ያልተወለዱ ሰዎችን ሒሳብ ይሠሩ ነበር።

በ1911 ደግሞ የግብፅን የኢኮኖሚ በሽታ መድኃኒት የሚያመለክት መጽሐፍ አወጡ፤ መድኃኒቱ የግብፃውያን ባንክ ነው የሚል። በዚያው ዓመት የተሰበሰበው የግብፃውያን ጉባኤ ሐሳቡን ደገፈ፤ የአውሮፓን ባንኮች አሠራር እንዲያጠኑም ላካቸው። ከዚያስ? ምንም። የዓለም ጦርነት መጣ። ባለ ሀብቱ ገንዘቡን በመሬት ላይ እንጂ በወረቀት ላይ ማዋል አልፈለገም። ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ጦልዐት ሐርብ ግን በየቤቱ እየዞሩ ያንኑ ወሬ ማውራት አላቆሙም። እኛ በዚህ ሰው ታሪክ ውስጥ ከባንኩም ከፋብሪካውም ይልቅ የሚያስደንቀን ይህ የዘጠኝ ዓመት ዝምታ ነው። አስመሳዩ ቢሆን ሁለተኛው ዓመት ላይ ሌላ ንግድ ይጀምር ነበር።

በ1919 ሕዝቡ በእንግሊዝ ላይ ተነሳ። የአገር ስሜት ሲሞቅ የታሰረው ገንዘብም ተፈታ። በ1920 ባንክ ሚስር ተቋቋመ፤ ሚስር በዐረብኛ ግብፅ ማለት ነው። ካፒታሉ 80,000 የግብፅ ፓውንድ ነበር፤ እያንዳንዳቸው አራት ፓውንድ የሚያወጡ 20,000 አክሲዮኖች። ከውጭ ባንኮች ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። አክሲዮን መግዛት የሚችለው ግብፃዊ ብቻ ነበር። ግብፃዊ ሲባል ግን ሙስሊም ብቻ ማለት አልነበረም፤ ከባንኩ ሁለት ምክትል ሊቀ መናብርት አንዱ ራሳቸው ጦልዐት ሐርብ ሲሆኑ ሌላው ዮሴፍ ቀጣዊ የተባሉ አይሁዳዊ ግብፃዊ ነበሩ። ደግሞም የገንዘብ ሥራ በፈረንሳይኛ በሚጻፍበት በዚያ ዘመን ባንኩ መዝገቡን በዐረብኛ ያዘ። ፈረንሳይኛ የማያውቅ የገጠር ነጋዴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሒሳቡን ወረቀት ራሱ አነበበ።

ባንኩ ገንዘብ ማበደር ብቻ ቢሆን ሥራው፣ ዛሬ ስሙን ባላነሳን ነበር። ጦልዐት ሐርብ ከየዓመቱ ትርፍ ከፍለው ኩባንያ ያቋቁሙበት ጀመር። በ1922 ማተሚያ ቤት፣ በ1924 የጥጥ መዳመጫ፣ በ1925 በናይል ላይ የሚጭን የትራንስፖርት ድርጅት። በ1927 በደልታው መካከል በመሐላ አል-ኩብራ የፈትልና የሽመና ፋብሪካ ተቋቋመ። በ1932 የአገር ውስጥ ምርት የሚሸጥበት የሱቆች ድርጅት፣ በ1934 ኢንሹራንስ። አንዱን ከአንዱ ጋር አያይዛችሁ ተመልከቱት፦ ጥጡ ይዳመጣል፣ በራሱ ጀልባ ይጫናል፣ መሐላ ላይ ይፈተላል፣ ይሸመናል፣ በራሱ ሱቅ ይሸጣል። ሌላው ነጋዴ ጥጡን አይቶ ዋጋውን ይጠይቅ ነበር። እሳቸው ከጥጡ ጀምሮ ደንበኛው እስከሚለብሰው ሸሚዝ ድረስ ያለውን መንገድ ሁሉ አዩና የጎደለውን ድልድይ አንድ በአንድ ሠሩ። ለዚህ ሥራ የሚሆን ባለሙያ በአገር አልነበረምና ከውጭ አስመጡ፤ ወጣቶችን ደግሞ ተምረው እንዲመለሱ ወደ አውሮፓ ላኩ። በ1932 አውሮፕላን፣ በ1935 የፊልም ስቱዲዮ መጣ። ፊልሙ ላይ ቅር የሚላችሁ አድማጮች እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ታሪክ ነውና መዝለል አልወደድንም።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን መርከቡ ነው። የአገሪቱ ሑጃጆች ወደ ጂዳ ሲሄዱ በሰው መርከብ ላይ ነበር የሚሳፈሩት። በ1930ዎቹ የባንኩ የመርከብ ድርጅት «ዘምዘም» እና «ከውሰር» የተባሉ መርከቦችን አሰማራ። ዘምዘም አዲስ አልነበረም፤ በ1909 የተሠራ አሮጌ የእንግሊዝ መርከብ ተገዝቶ ነው። ቢሆንም ሐጃጁ ከስዊዝ ተነስቶ እስከ ጂዳ የአገሩ ባንዲራ በተሰቀለበት መርከብ ሄደ።

ጉድለታቸውን ሳንናገር ብናልፍ ወሬያችን ሙገሳ ብቻ ይሆናል። ዕድልም ረድቷቸዋል፤ በ1930 ግብፅ የጉምሩክ ታሪፏን ራሷ የመወሰን መብት ባታገኝ ኖሮ መሐላ ከላንካሻየር ጋር ተወዳድሮ መቆሙ ያጠራጥራል። የመሐላ ሠራተኛ ሰዓቱ ረጅም፣ ክፍያው ትንሽ ነበር፤ በ1938 አድማ መትቷል። በዚያው ጊዜ ከእንግሊዙ የብራድፎርድ ማቅለሚያ ኩባንያ ጋር በሽርክና መሥራታቸው «የግብፃውያን ብቻ» ከሚለው መነሻቸው ጋር የሚጋጭ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባንኩ በወለድ የሚሠራ ባንክ ነበር። ሪባ ሐራም መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። የአገርን ገንዘብ ከባዕድ እጅ ለማውጣት ያሰበ ጭንቅላት ገንዘቡን ከሪባ የሚያወጣ መንገድ አልነደፈም። የዚያን ዘመን ሰው ራዕይ የቆመው እዚህ ጋ ነው።

በንግድ ረገድም ትልቅ ስህተት ሠርተዋል። አስቀማጩ በፈለገ ጊዜ የሚያወጣውን ገንዘብ ወስደው ለብዙ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ቀበሩት። ሰላም እስካለ ድረስ ይሄዳል። መስከረም 1939 በአውሮፓ ጦርነት ሲነሳ ግን አስቀማጩ ሁሉ ደብተሩን ይዞ ባንኩ በር ላይ ተሰለፈ። ፋብሪካውን ነቅሎ በመስኮት መክፈል አይቻልም። ያ የድሮው ብሔራዊ ባንክ በአክሲዮኖቹ መያዣነት ለማበደር እምቢ አለ። መንግሥት ዘንድ ሲሄዱ እርዳታው ከአንድ ነገር ጋር ተያይዞ መጣ፦ ጦልዐት ሐርብ ይልቀቁ።

እዚህ ላይ እናንተም ራሳችሁን በእሳቸው ቦታ አድርጉ። ሃያ ዓመት የገነቡት ነው። ከጀርባቸው ጋዜጣ አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ በስማቸው የሚምል ሕዝብ አለ። እልህ ተጋብተው ባንኩን ይዘው መውደቅ ይችሉ ነበር፤ እንዲህ ያደረጉ ስንቶችን እናውቃለን! እሳቸው ግን በዚያው ወር ለቀቁ። ሐፊዝ ዐፊፊ ፓሻ ተተኩ፤ መንግሥትም ባንኩን ደገፈ፤ አስቀማጩ ገንዘቡን አላጣም፤ መሐላም መፍተሉን አላቆመም። በእኛ አስተያየት የሰውየው ራዕይ የተፈተነው በ1920 ሳይሆን በዚያ ወር ነው። ያዩት ነገር የራሳቸው ወንበር ቢሆን ኖሮ ወንበሩን ባልለቀቁ ነበር።

በሚያዝያ 1941 ዘምዘም መርከብ በደቡብ አትላንቲክ በጀርመን የጦር መርከብ ተመታ፤ ጠላት ተሳፋሪዎቹን ወስዶ መርከቡን አሰጠመው። በነሐሴ ወር ጦልዐት ሐርብ አረፉ። ባንኩ በ1960 የመንግሥት ሆነ፤ ዛሬም በግብፅ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። በካይሮ እምብርት፣ ቀድሞ የፈረንሳያዊው ሱለይማን ፓሻ ሐውልት በቆመበት አደባባይ፣ ከ1964 ጀምሮ የቆመው የእሳቸው ነው።

እሳቸው ሳያነሱት ያለፉትን የወለድ ጥያቄ ያነሳው ሌላ ግብፃዊ ነው። ዶክተር አሕመድ አን-ነጃር የሚባሉ በጀርመን አገር የተማሩ ምሁር በ1963 በዚያው በደልታ ውስጥ፣ ከመሐላ ብዙ በማትርቀው ሚት ገምር ከተማ፣ የቁጠባ ባንክ ከፈቱ። ወለድ አይከፍልም፣ ወለድ አይቀበልም፤ ለቸገረው ያለ ወለድ ያበድራል፣ ለሥራ የሚሰጠውን ገንዘብ ትርፍና ኪሳራ ይጋራል። የዘመኑ መንግሥት እንዳይከፋው በር ላይ «ኢስላማዊ» የሚል ቃል አልተጻፈም። የባንክ ደጅ ረግጦ የማያውቅ ገበሬ ግን ስሙ ሳይነገረው ገባው፤ ሳንቲሙን ይዞ መጣ። ሙከራው ጥቂት ዓመት ቆይቶ በመንግሥት እጅ ተዋጠ። በ1975 ዱባይ ላይ ኢስላማዊ ባንክ ተከፈተ፤ ከዚያም በየአገሩ። ወደ እኛ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ወስዷል፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነው የመጀመሪያው የአገራችን ባንክ ሥራ የጀመረው በ2021 ነው። ስሙ ከዚያ የሐጅ መርከብ ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ይመስለናል፦ ዘምዘም።