ገበሬው እምቢ ያለው ምኑን ነው?

ጄፒ ተቀምጠን እንጀራ ስንቆርስ «የሀገራችን ገበሬ አዲስ ነገር አይወድም» እያልን እናማዋለን። ውድ አንባቢያን፣ የጤፍ ታሪክ ግን ሌላ ይነግረናል።

የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጡት «ማኛ» ነጭ ቢሆንም ምርቱ አነስተኛ ነበር። በ1995 የወጣው «ዱከም» ደግሞ ምርቱ ከፍ ቢልም እንደ ማኛ አልነጣም። ገበያው ለነጭ ጤፍ የተሻለ ዋጋ ስለሚከፍል ገበሬው ዱከምን በብዛት አልዘራውም። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን አዳቅለው በ2006 «ቁንጮ»ን ሲያወጡ ንጣትና ምርት ባንድ ዘር ተገናኙ። ያን ጊዜ ገበሬው ዘሩን ከጎረቤቱ እየተቀበለ አዳረሰው።

እንግዲህ እምቢ ያለው ለውጥን ሳይሆን ኪሳራን ነው። በቁራሽ መሬቱ ላይ ቢሳሳት ቤተሰቡ ይራባል እንጂ ካሣ የሚከፍለው የለም። ስለ ገበሬው የሚወስን ሁሉ አስቀድሞ ይጠይቀው!