የአንድ ዓመት አስተማሪዎችና የእነሱ አስተማሪዎች

እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1958 እሑድ ዕለት፣ ለንደን የሚታተመው ‹ሰንደይ ታይምስ› ጋዜጣ አንድ ደብዳቤ ይዞ ወጣ። ከግርጌው የሰፈረው ስም የፖርትስማዝ ጳጳስ የላውንስሎት ፍሌሚንግ ነው። ያረቀቀው ግን አሌክ ዲክሰን የሚባል ሌላ ሰው ነበር። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ እስኪገቡ የሚጠብቁ የእንግሊዝ ወጣቶች፣ ያንን መካከለኛ ዓመት በዋዛ ከሚያሳልፉት፣ የሰው ኃይል ወዳነሰባቸው አገሮች ሄደው ቢያገለግሉበት ምን ይመስላል?

እንግሊዞች ‹ጋፕ ይር› የሚሉት፣ እኔ እዚህ ላይ ‹ክፍቱ ዓመት› የምለው ልማድ ከዚያ ደብዳቤ ተወለደ ማለት አይቻልም። ጠመኔ ጨብጦ ባሕር መሻገር የለመደው ግን ከዚያ ወዲህ ነው። ስለ ላኪዎቹ ብዙ ተጽፏል። እነዚያን የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ተቀብለው፣ በትምህርት ቤታቸው ውስጥ ሰው አድርገው ስለመለሷቸው መምህራን ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያዘነብለው ወደ እነሱ ነው። (የውጭውን ታሪክ በውጭው አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛው እጽፋለሁ፤ አንባቢ እንዳይደናገር።)

ለመሆኑ ለምን በ1958? ምክንያቱ ወታደራዊ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው የእንግሊዝ ጎረምሳ ሁሉ የብሔራዊ ውትድርና ግዴታ ነበረበት። በ1957 መንግሥት ግዴታውን እንደሚያስቀር አስታወቀ፤ የመጨረሻዎቹ ምልምሎች የተጠሩትም በ1960 ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ጦር ሰፈር ይሄድ የነበረው ትውልድ ድንገት ጊዜ ተረፈው። ዲክሰን ያንን ትርፍ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ካዩት ሰዎች አንዱ ነው።

ሰውየው ጋዜጠኛ ነበር። በ1938 ሂትለር ቼኮዝሎቫኪያን ሲያስጨንቅ፣ ሥራውን ትቶ ስደተኞችን ለመርዳት ፕራግ ሄደ። ከጦርነቱ በኋላ በጎልድ ኮስት፣ በኋላ ጋና በተባለችው አገር፣ በሕዝብ ትምህርት ሥራ ተሰማራ። ከዚያም በእንግሊዝ ሥር በነበረው የካሜሩን ክፍል፣ ማን ኦ ዎር ቤይ በተባለ ስፍራ፣ የተማሩ የናይጄሪያ ወጣቶች ከመንደር ሰው ጋር በጉልበታቸው እየሠሩ የሚሠለጥኑበት ማዕከል አቋቋመ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በአብዛኛው ዲክሰን ለአፍሪካ ያመጣው ስጦታ ተደርጎ የሚነገረው ሐሳብ፣ አስቀድሞ የተሞከረው በአፍሪካውያን ወጣቶች ላይና በአፍሪካ መንደር ውስጥ ነው። ወደ እንግሊዝ አገር የተጓዘው ከዚያ በኋላ ነው።

ቪ.ኤስ.ኦ. የተባለውን የባሕር ማዶ የበጎ ፈቃድ ድርጅት ዲክሰንና ባለቤቱ ሞራ እንዲህ ጀመሩት። በመጀመሪያው ዓመት የሄዱት ወጣቶች ሃያ የማይሞሉ ነበሩ፤ መድረሻቸውም ጋና፣ ናይጄሪያ፣ ሰሜን ሮዴዥያ (የዛሬዋ ዛምቢያ) እና በቦርኒዮ ደሴት ላይ የምትገኘው ሳራዋክ። የሚሰጣቸው ምግብ፣ መኝታና የኪስ ገንዘብ ነው። ሳራዋክ ለምን? የዚያች ቅኝ ግዛት የትምህርት ዲሬክተር የአሌክ ወንድም መሪ ዲክሰን ስለነበረ ነው። ነገሩን በዝምድና የተሠራ ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር ይታየኛል። ገና ማንም ያልሞከረውን ጉዳይ ለመሞከር፣ በሌላኛው ጫፍ ልጁን የሚረከብ፣ የት ትምህርት ቤት እንደሚመድበው የሚያውቅ፣ ሲታመምና ሲያለቅስ የሚደርስለት የትምህርት ሰው ማግኘት ግድ ነበር። አንድ ጋዜጣ ሺህ ደብዳቤ ቢያትም፣ ተቀባይ ከሌለ ነገሩ ወረቀት ላይ ይቀራል።

አሁን ነገሩን ከተቀባዩ ወገን እንየው። አንድ ርእሰ መምህር አለ እንበል። ክፍሎቹ ሞልተዋል፤ መምህር ጎድሎታል። የሚላክለት ሰው ዲግሪ የለውም፤ አስተምሮ አያውቅም፤ ከእናቱ ቤት ከወጣ ገና ወሩ ነው። ሙሉ መምህር አድርጎ ቢመድበው ፈተና የሚጠብቃቸውን ተማሪዎች ይበድላል። እንግዳ አድርጎ ቢያስቀምጠው ደግሞ ልጁን ይበድላል። ብልህ የሆነው ርእሰ መምህር መካከለኛውን መንገድ ይፈልጋል፤ የንግግር እንግሊዝኛ፣ ስፖርት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ዝቅተኛ ክፍል ይሰጠውና ከአንድ ነባር መምህር ጋር ያጣምረዋል። ያ ነባር መምህር በደመወዙ ላይ አንዲት ሳንቲም ሳይጨመርለት ሁለተኛ ሥራ ተቀበለ ማለት ነው።

ይህ ሸክም ብዙ አልቆየም፤ ወይም እንዲቀል ተደረገ። በ1962 ቪ.ኤስ.ኦ. ፊቱን ወደ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን አዞረ። አዲስ ነፃ የወጡት አገሮች የሚፈልጉት ሙያ ያለው ሰው ነበርና ክርክሩ ቀላል አልነበረም። በዚያው ዓመት ዲክሰን ድርጅቱን ለቀቀ፤ ወጣቶች እዚያው እንግሊዝ ውስጥ የሚያገለግሉበትን ሌላ ማኅበር መሠረተ። የዲክሰን እምነት ወጣት የሚጠቅመው በሚያውቀው ሳይሆን በወጣትነቱ ነው የሚል ነበር። ልብ የሚነካ እምነት ነው። ስልሳ ልጅ ከፊቱ የተቀመጠበት የሂሳብ መምህር ግን ይስማማበት እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ወደ እኛ አገር እንምጣ። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ላይ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት አዲስ አበባ ገቡ። መሪያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ነበር። ሁሉም ለማለት ይቻላል በየጠቅላይ ግዛቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። እነዚህ የክፍቱ ዓመት ልጆች አልነበሩም፤ ዲግሪ ነበራቸው፤ ቆይታቸውም ሁለት ዓመት ነው። የተከተላቸው መንገድ ግን አንድ ነው። ከመካከላቸው ፖል ሶንጋስ የተባለው ወጣት ወሊሶ ተመድቦ አስተማረ። ኋላ የአሜሪካ ሴኔት አባል ሆነ፤ በ1992ም ለፕሬዚዳንትነት እጩ ለመሆን ተወዳደረ። ወሊሶ ያሳለፈው ጊዜ ሕይወቱን እንደለወጠው ሲናገር ኖሯል። ወሊሶ ላይ እሱን ያስተማሩት እነማን ነበሩ? ከየትኛው ክፍል ጀምር፣ ይህን ልጅ በዓይንህ ጠብቀው፣ ገበያ ቀን ተማሪ ቢቀር አትቆጣ ያሉትስ? ሴናተሩ በታሪክ መዝገብ አለ፤ እነሱ የሉም።

ክፍቱ ዓመት ራሱም ኢትዮጵያን አልዘለለም። በ1967 ኒኮላስ ማክሊን ብሪስቶል የተባለ የጦር መኮንን ‹ፕሮጀክት ትረስት› የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ በኋላ መቀመጫውን ያደረገው ከስኮትላንድ በስተምዕራብ፣ ነዋሪዋ ሁለት መቶ ገደማ በሆነ ኮል በተባለች ደሴት ላይ ነው። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱ ወጣቶችን እየመረጠ ለአንድ ዓመት ይልክ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተጓዦቹ የሄዱት ወደ ኢትዮጵያ ነበር።

በዚያ ዘመን በጠቅላይ ግዛት ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው የመምህራኑን ማረፊያ ክፍል አይረሳውም። አንድ ጥግ ላይ ከሕንድ፣ ብዙዎቹም ከኬረላ፣ የመጡት መምህራን ተቀምጠዋል። የሂሳብና የሳይንሱ ዋልታ እነሱ ናቸው። ሌላው ጥግ ላይ አሜሪካኑ ወጣት እጅጌውን ሰብስቦ። በመካከሉ ኢትዮጵያዊው መምህር። በዚያ ጊዜ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ሆኗል፤ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ግን ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ሲማር የከረመ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ገብቶ ከአዲስ ፈረንጅ አስተማሪ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። ፈረንጁ ያፈጥናል፤ ቃሉን ይውጠዋል። ተማሪው ይነሣል፣ ‹የስ ሰር› ይላል፣ ይቀመጣል። ፈረንጁም ገባው ብሎ ይቀጥላል።

የ‹የስ ሰር›ን ትርጉም ለዚያ ወጣት የሚነግረው ሰው ያስፈልግ ነበር። በእኛ ባህል ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አልገባኝም ማለት እንደሚያሳፍረው፣ ዓይኑን መስበሩ አክብሮት እንጂ ጥፋት እንዳልሆነ፣ ዝምታው ስንፍና እንዳልሆነ የሚያስረዳው። ሌላም አለ። ፈረንጅ ስም ሲጠራ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም ይመስለዋል። ስለዚህ ተማሪውን በአባቱ ስም ይጠራዋል፤ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ ልጁም አባቱ የተሰደበበት ያህል ይሰማዋል። ይህን የሚያቃና አንድ የክፍል ኃላፊ፣ አንዳንዴም ደፋር የክፍል አለቃ ይኖራል። ፈረንጁ ሲወጣ ትምህርቱን በአማርኛ ደግሞ የሚያስረዳው ማን ነው? የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መምህር፤ ከራሱ ትምህርት ላይ አሥር ደቂቃ ቆርሶ። ለዚህ ሥራ የተሰጠ ስም የለም፤ በየትኛውም የሥራ ዝርዝር ውስጥም አልገባም።

ቅሬታም ነበረ፤ አልሸሽገውም። ነባሩ መምህር በዓመታት ልምዱ ያላገኘውን ክብር እንግዳው በቆዳው ቀለም ሲያገኝ ያያል። በኋላም በ1960ዎቹ የተማሪው እንቅስቃሴ ሲግል፣ የሰላም ጓድ አባላት የአሜሪካ መንግሥት እጅ ተደርገው ታዩ፤ ውጡልን የሚል ጩኸት ተነሣባቸው። ድርጅቱ በ1969 ዓ.ም. አገሩን ለቅቆ ወጣ።

ከዚሁ ጎን ደግሞ የራሳችን ክፍት ዓመት ነበረን። ‹የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት› ይባል ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሦስተኛውን ዓመት ሲፈጽም፣ አራተኛውን ሳይጀምር፣ አንድ ዓመት ከከተማ ወጥቶ እንዲያገለግል ተደነገገ። ያላገለገለ ዲግሪ አያገኝም። የበዙት በትምህርት ቤቶች ነበር የሚመደቡት። በጎ ፈቃድ አይባልም፤ ግዴታ ነው። ተማሪውን እስከዚያ ድረስ ከማያውቀው አገሩ ጋር ያስተዋወቀው ግን ይኸው ግዴታ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ጎሬ ወይም ጊኒር ሲደርስ እሱም ባዕድ ነበር። ቋንቋው ሊለይ ይችላል፤ ቤት የሚያከራየው፣ እንጀራ የሚጋግርለት፣ ማንን ጎንበስ ብሎ እጅ መንሣት እንዳለበት የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ያንን ያደረጉት የየከተማው ነባር መምህራን ናቸው። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ ያልረገጡ የማሠልጠኛ ምሩቃን ነበሩ። በመጪው ዓመት በደመወዝም በማዕረግም ጥሏቸው የሚሄደውን ልጅ ነው ያቀኑት።

‹መሬት ለአራሹ› የሚለው ሰልፍ አዲስ አበባ ላይ የወጣው በዚያው በ1957 ዓ.ም. የካቲት ነው። የአገልግሎቱ ተማሪዎች ያንን ጥያቄ ይዘው ወደ ጠቅላይ ግዛት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገቡ። የተማሪውን እንቅስቃሴ ወደ ክፍለ ሀገር ያደረሰው ይኸው አገልግሎት እንደሆነ ብዙዎች ጽፈዋል፤ እውነት ነው። የመልስ ጉዞው ግን አልተጻፈም። ልጁ የጭሰኛውን ኑሮ ያየው በመጽሐፍ ሳይሆን፣ ተማሪው ለምን በመኸር ወቅት እንደሚጠፋ አንድ የአገሩ መምህር ስላስረዳው ሊሆን ይችላል። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ አገልግሎቱ በዚያው ተዋጠ።

ወደ ውጭው ስንመለስ፣ በ1968 ኢቫን ኢሊች የተባለው ቄስ ሜክሲኮ ውስጥ በኩዌርናቫካ ከተማ ለአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ንግግር አድርጎ ነበር። ለመጎብኘት ኑ፣ ለመማር ኑ፣ ለመርዳት ግን አትምጡ የሚል ይዘት ያለው ንግግር ነው። አድማጮቹ የጠበቁት ምስጋና ነበርና ሳይደነግጡ አልቀሩም። ኢሊች አክርሮታል ባይ ነኝ። ነገር ግን ቃሉን በትምህርት ቤት ሚዛን ብንመዝነው ስሌቱ ልክ ነው፤ በዚያ ዓመት ውስጥ የበለጠውን የሚማረው እንግዳው ነው።

ከዚያ በኋላ ክፍቱ ዓመት ንግድም ሆነ። በተለይ ከ1990ዎቹ ወዲህ ገንዘብ ተቀብለው ወጣቱን ለጥቂት ሳምንታት ትምህርት ቤት የሚያደርሱ ኩባንያዎች በዙ። በ2000 የእንግሊዙ ልዑል ዊልያም ሳይቀር በቺሌ ቶርቴል በተባለች መንደር የልጆች እንግሊዝኛ ሲያስተምር ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ። ዓመቱ ወደ ሳምንታት ሲያጥር የተጎዳው ተቀባዩ መምህር ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ልጅ ማቅናት ያቅተው ይሆናል እንጂ ትርፍ አለው፤ ከገና በኋላ እንግዳው ሥራ ይጀምራል። በየሦስት ሳምንቱ የሚቀያየር እንግዳ ግን ምንጊዜም ጀማሪ ነው።

ሌላ ዓይነት ሙከራም አለ። በ1996 በጎንደርና በእንግሊዝ አገር ባሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች መካከል ከተጀመረ ጉድኝት ‹ሊንክ ኢትዮጵያ› የሚባል ድርጅት በቀለ፤ ወጣቶችን በክፍል ውስጥ እንዲያግዙ ልኳል። የዚህ መልኩ ከቀድሞው ይለያል። ጉድኝቱ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ እንግዳው ከመድረሱ በፊት ተቀባዩ መምህር ይታወቃል። እሱም በተራው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ይጠይቃል፣ ይህን ላኩ ያንን አትላኩ ይላል።

መስከረም ሲጠባ የሚሆነው ግን ያው ነው። እንግዳው ሻንጣውን ጥሎ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ጎልማሳ መምህር የጠመኔውን አቧራ ከእጁ አራግፎ ወንበሩን ያስጠጋል። ስም መጥሪያውን ይዘረጋለታል። ጣቱን ከመጀመሪያው ስም ላይ አድርጎ፣ ‹በዚህኛው ነው የምትጠራው፤ ያኛው የአባቱ ነው› ይለዋል፤ አምና ለሄደው እንዳለው ሁሉ።