የቤት ዜማና የጆሮ ፍርድ

ኪነ ጥበብ በሚሠራት እጅ ብቻ ሳይሆን በሚያዳምጣት ጆሮም ትመዘናለች። ጆሮ ደግሞ ከኑሮ ተለይቶ የሚፈርድ ዳኛ አይደለም። «መልካም ድምፅ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ የመሣሪያ ገበያ ጥያቄ መስሎ ቢታይም፣ በአገራችን የራሱ ታሪክ ያለው የባህል ጥያቄ ነው። የታሪኩን ጫፍ ለመያዝ ከቁስቋም መነሣት ይበጃል።

እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ጎንደር አጠገብ ባሠሩት የቁስቋም ግቢ እ.ኤ.አ. በ1770 በእንግድነት የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ስለ ኢትዮጵያ የዜማ መሣሪያዎች ለሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊው ለቻርልስ በርኒ የጻፈው ደብዳቤ በ1776 ታትሟል። ብሩስ የቆጠራቸው መሣሪያዎች ስድስት ናቸው፤ ዋሽንት፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ ከበሮ፣ ጸናጽልና የክራር ወገን የሆነው ባለ አውታር መሣሪያ። ማሲንቆ ከዝርዝሩ አልገባም። የቤተ መንግሥቱና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ በገነነበት ግቢ ለሰነበተ እንግዳ፣ የአዝማሪው ባለ አንድ አውታር መሣሪያ ለቁጥር የሚበቃ አልመሰለውም ማለት ይቻላል። ሰው የሚሰማው በተቀመጠበት ልክ ነው።

በጎንደሬው ቤት ግን ፍርዱ ሌላ ነበር። አዝማሪው ከእንግዶቹ ፊት ቆሞ ይገዘግዛል፤ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። የማሲንቆው የፈረስ ጭራ መሻከር እንደ ነውር አይቆጠርም፤ ነውሩ ቃሉ ሳይሰማ መቅረቱ ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ መልካም ድምፅ ማለት ቃሉን ያልሸፈነ ድምፅ ነውና።

በሁዳዴ ጾም በየቤቱ የሚደረደረው በገና ደግሞ ለሌላ ጣዕም ይመሰክራል። ከ10 አውታሮቹ ሥር፣ በብርኩማው ላይ፣ እንዚራ የሚባሉ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካ እንደ ንብ መንጋ ይነዝራል። ንጹሕ ድምፅ ብቻ ለለመደ ጆሮ ይህ ንዝረት የብልሽት ምልክት ሊመስል ይችላል፤ ለበገና ደርዳሪ ግን እንዚራው በትክክል ካልተቀመጠ በገናው አልተቃኘም። አንዱ ጉድለት የሚለውን ሌላው ሙላት ይለዋል።

ወደዚህ ቤት መሣሪያ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክታቸውን በሰም ላይ አስቀርጸው ላኩ። በ1908 ገደማም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ። በዘመኑ ድምፅ የሚያዘው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በቀንድ መሰል ማጉያ ነበር፤ እጅግ ወፍራሙና እጅግ ቀጭኑ ድምፅ ይቀር፣ የሸክላውም አንድ ገጽ ከ3 ወይም ከ4 ደቂቃ አያልፍም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቅ የነበረው ጨዋታ በደቂቃዎች ተቆረጠ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሸክላ ይናገራል እንጂ አይቀበልም።

በ1948 በወጣ አዋጅ ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ይህን ብቸኛ መብት በ1969 ደፍሮ የጣሰው አምሃ እሸቴ እስከ 1975 ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አሳተመ። ከዚያ ዘመኑ የካሴት ሆነ። በ1963 በፊሊፕስ ኩባንያ የወጣው ካሴት ክሩ በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይጓዛል፤ ከግልባጭ ግልባጭ ሲወሰድም ሹክሹክታው ይበረታል። በጥራት መለኪያ ከመልካም ሸክላ ያነሰ ነበር። ይሁንና በአንድ ገጽ 30 ደቂቃ ያዘ፤ ይልቁንም አድማጩን ቀራጭ አደረገው። የሠርጉን አዝማሪ፣ የጎረቤቱን በገና፣ የአያቱን ቃል በቤቱ ለመያዝ የቻለ ሰው ሹክሹክታውን ታገሠ። ይህ ያለማወቅ ምርጫ አልነበረም፤ ለቤቱ የሚበልጠውን ማወቅ ነበር።

ዛሬ በእጅ ስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ በገና የሚያዳምጥ ወጣት የወፍራሞቹን አውታሮች መሠረታዊ ድምፅ አይሰማም። ሆኖም ከንዝረቱ የሚወጡት ቀጫጭን ድምፆች ያልተሰማውን ወፍራም ድምፅ ለጆሮ ያመለክታሉ፤ ዜማው አይጠፋም። እንግዲህ በቀረጻ ክፍል «ይጽዳ» ተብሎ ንዝረቱ ቢቀነስ፣ የሚወገደው ቆሻሻ ሳይሆን ዜማውን የተሸከመው አካል ነው።

ስለዚህ ቀራጩ ከማስተካከሉ በፊት ደርዳሪውን ይጠይቅ፤ መምህሩም ተማሪውን መሣሪያ ከማስያዙ በፊት ማዳመጥን ያስተምር። የቴክኒክ ዕውቀት ድምፁ ምን ያህል ሳይጎድል እንደ ደረሰ ይነግረናል፤ የትኛው ድምፅ መጉደል እንደሌለበት የሚነግረን ግን ዜማውን ያሳደገው ቤት ነው።