እሳት የሚመሰክርለት ጋብቻ

በሂንዱዎች ሠርግ መካከል የሚነደው እሳት ለጌጥ የተለኮሰ አይደለም። አግኒ ይሉታል። ሪግ ቬዳ የተባለው ጥንታዊ የመዝሙር መጽሐፋቸው የሚከፈተው በዚህ ስም ነው። አግኒ የሰውን መሥዋዕት ለአማልክት የሚያደርስ መልእክተኛ ነው፤ በሠርግ ቀን ደግሞ ዋናው ምስክር።

ሥርዓቱ እንደ አካባቢው ይለያያል። በብዙ ቦታ የሙሽራዋ ወንድም የፈነዳ ሩዝ በእጇ ይሞላላታል፤ እሷም ወደ እሳቱ ትጨምረዋለች። ሙሽሮቹ እሳቱን ይዞራሉ፣ ሰባት እርምጃም አብረው ይራመዳሉ። ይህ ሳፕታፓዲ ይባላል። በጥንት ዘመን የሠርጉ እሳት ወደ ባል ቤት ይወሰድና ጠዋትና ማታ እየተጠበቀ ይኖር ነበር፤ ሚስትም የጥበቃው ተካፋይ ነበረች። ያለ ሚስት ታላላቆቹን የመሥዋዕት ሥርዓቶች መፈጸም አይቻልም ነበርና፣ በዚህ በኩል ክብሯ ትንሽ አልነበረም።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን እሳቱ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የሂንዱ ጋብቻ ሕግ አንድ ወንድ ሁለት ሚስት እንዳያገባ ከለከለ። ሳፕታፓዲ ባለበት ሥርዓት ጋብቻው የሚጸናው ሰባተኛው እርምጃ ሲረገጥ ነው ሲልም ደነገገ። በ1965 በሚስቱ ላይ ሌላ ያገባ የማሃራሽትራ ሰው ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። በሁለተኛው ሠርግ የእሳቱ ሥርዓትና ሰባቱ እርምጃዎች መፈጸማቸው አልተረጋገጠም ተብሎ ሰውየው በነፃ ተለቀቀ። አንደኛዋ በደሏን የሚቀጣላት አጣች፤ ሁለተኛይቱ በሕግ ፊት ሚስት ሳትሆን ቀረች። ሴቶችን ይጠብቃል የተባለው ሕግ፣ በእኛ አስተያየት፣ ለወንዱ መውጫ ቀዳዳ ሆነለት።

እሳቱን ጨርሶ የተዉም አሉ። በታሚል ናዱ ፔሪያር የመራው የራስ ክብር ንቅናቄ ያለ ካህንና ያለ እሳት ማጋባት የጀመረው በ1920ዎቹ ነው። ዘመድና ወዳጅ ባለበት የአበባ ጉንጉን ወይም ቀለበት መለዋወጥ ይበቃል። የክፍለ ግዛቱ ሕግ ይህን ያጸደቀው ግን በ1967 ነው፤ እስከዚያ ድረስ እንዲህ የተጋቡ ሴቶች ሚስትነታቸው አጠራጣሪ ሆኖ ኖረዋል።

በሌላው የአገሪቱ ክፍል እሳቱ ዛሬም ከወረቀት ይበልጣል። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥርዓቱን ሳይፈጽሙ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ያወጡ ጥንዶችን ጉዳይ አይቶ፣ ወረቀቱ ዋጋ የለውም፣ ጋብቻም አልነበረም ሲል ወስኗል።