አልማዝ ባለጭራ፦ ለአዛውንቶች የሚሰጠው ክትባት ደህና ነው ወይ? ሰርዶ ላለ ቤተሰብስ ምን ይበጃል?

እናት ወይም አያት ጎናቸውን ይዘው «ያቃጥለኛል፣ ይወጋኛል» ይላሉ። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ እዚያው ቦታ ላይ፣ በአንድ ወገን ብቻ፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ይወጣል። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራና ሰርዶ ባለው ሐሩር «ሙቀቱ ነው፣ ይተዋቸዋል» ማለት ቀላል ነው። ችግሩ ግን ይሄ በሽታ ቀን አይሰጥም። ለዚህ ነው ዛሬ ስለ አልማዝ ባለጭራና ስለ ክትባቱ ማወቅ ያለባችሁን ያሰባሰብንላችሁ።

🔹 ምንድን ነው?

መነሻው ጉድፍ (ቺክን ፖክስ) የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ጉድፉ በልጅነት ቢድንም ቫይረሱ ከሰውነት አይወጣም፤ ነርቭ ሥር ተኝቶ ይቆያል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲደክም ይነሳና የዚያን ነርቭ መስመር ይዞ ቆዳ ላይ ይወጣል። እንደ መቀነት በአንድ ወገን ብቻ የሚታየው ለዚህ ነው። እርግማን አይደለም፤ ነፍሳት ነክቶትም አይደለም። «ዞሮ ከገጠመ ይገድላል» የሚባለውም እውነት አይደለም።

🔹 አዛውንቶችን ለምን ይበረታባቸዋል?

ከ50 ዓመት በኋላ የመያዝ ዕድሉ እየጨመረ ይሄዳል። ሰርዶ በ1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ይሄን ዕድሜ አልፏል።

ሽፍታው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይድናል። ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ የሚቀረው የነርቭ ሕመም ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) እንደሚለው ከ100 ታማሚዎች ከ10 እስከ 18 የሚሆኑት ይሄ ያጋጥማቸዋል። ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት ይቆያል፤ ልብስ ሲነካቸው እንኳን የሚያማቸው አሉ። ሽፍታው ዓይን አካባቢ ከወጣ ደግሞ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

🔹 ኤችአይቪ አለበት ማለት ነው?

አይደለም። ኤችአይቪ መከላከያን ስለሚያደክም አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ብቻውን ግን በቂ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ሽፍታውን የሚደብቀው «ምን ይሉኛል» ብሎ ነው፤ በመደበቅ የሚያልፈው ጊዜ ደግሞ የሕክምናው ጊዜ ነው። ሐኪም ምርመራ ካዘዘ መመርመር ይጠቅማል፤ የኤችአይቪ ምርመራ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው።

🔹 ክትባቱስ?

የመጀመሪያው ዞስታቫክስ የሚባለው ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ተፈቅዶ በ2020 ከገበያ ወጣ። የወጣው የተሻለ ስለመጣ ነው። የተሻለው ሺንግሪክስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ተፈቀደ። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ሁለት ጊዜ፣ ከ2 እስከ 6 ወር ልዩነት ይሰጣል። በተደረጉት ትልልቅ ሙከራዎች ከ50 እስከ 69 ዓመት ባሉት ላይ 97 በመቶ፣ ከ70 በላይ በሆኑት ላይ 91 በመቶ በሽታውን ተከላክሏል።

🔹 ደህንነቱ

▪️ ሺንግሪክስ ውስጥ ያለው የቫይረሱ አንድ ፕሮቲን ብቻ ነው። ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሌለበት አልማዝ ባለጭራ ሊያመጣ አይችልም።

▪️ ክንድ ላይ ሕመም፣ ድካም፣ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት የተለመደ ነው። ከ6 ሰው አንዱ ገደማ የዕለት ሥራውን እስከማቋረጥ ሊደርስ ይችላል። በ2 ወይም 3 ቀን ይተዋል።

▪️ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጊላን ባሬ ስለሚባል የነርቭ በሽታ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አድርጓል። ከ65 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የታየው ጭማሪ በ1 ሚሊዮን ዶዝ 3 ያህል ነው። አደጋው አለ፣ ግን በጣም ጥቂት ነው፤ ክትባቱም አልተቋረጠም።

▪️ ለክትባቱ ይዘት ከባድ አለርጂ ያለበት ሰው አይወስድም። አሁን በሽታው የያዘው ሰው ደግሞ እስኪድን ይጠብቃል።

🔹 እኛ ጋ አለ?

በአገራችን መደበኛ የክትባት ፕሮግራም ውስጥ የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ምክር ክትባቱን በሽታው ትልቅ የጤና ችግር የሆነባቸው አገሮች እንዲያስቡበት ነው ያለው። ስለዚህ ለአሁኑ «ጤና ጣቢያ ሄደው ይከተቡ» ብለን የምንልክበት ቦታ የለም።

ልጅ ውጭ አገር ያላቸውና ሊጠይቁ የሚሄዱ ወላጆች ካሉ፣ እዚያ ሐኪም አማክረው መከተብ ይችላሉ። ሁለቱን ዶዝ ለመጨረስ ቢያንስ 2 ወር ያስፈልጋልና ጉዞው ሲታቀድ ይታሰብበት።

በሻንጣ መጣ የሚባል ክትባት ግን አትግዙ! ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ሙቀትም በረዶ ሆኖ መድረቅም ያበላሸዋል። በአፋር ሙቀት በእጅ በእጅ የተላለፈ ብልቃጥ ውስጡ ምን እንደሆነ አይታወቅም።

🔹 ታዲያ ምን እናድርግ?

✅ 72 ሰዓት! ሽፍታው ከወጣ በ3 ቀን ውስጥ ሐኪም ጋ ከደረሱ እንደ አሲክሎቪር ያለ የቫይረስ መድኃኒት በደንብ ይሠራል። ከራሳችሁ አትጀምሩ፤ መጠኑን ሐኪም ይወስናል። 3 ቀን ካለፈም ሂዱ።

✅ ግንባር፣ ዓይን ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል። ለሰመራና ለአካባቢው ቅርቡ ዱብቲ ሆስፒታል ነው።

✅ ሽፍታውን በመጀመሪያው ቀን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሐኪሙ «መቼ ጀመረ?» ሲል ቀኑ እዚያው አለ።

✅ ቦታውን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁና ሸፍኑት። አትተኩሱት፣ ቅባትም ሆነ ቅጠል አትለጥፉበት።

✅ ከቋጠረው ውሃ ጉድፍ ወዳልያዘው ሰው ቫይረሱ ሊተላለፍ ይችላል፤ ያ ሰው ጉድፍ ይይዘዋል። እስኪደርቅ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች አይንኩት።

ክትባቱ እስኪደርሰን ድረስ በእጃችን ያለው እነዚያ 3 ቀናት ናቸው። አባባ ወይም እማማ «ጎኔን ያቃጥለኛል» ሲሉ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ።

ስልክ ለሌላቸው አንብቡላቸው፤ ላላቸው አጋሩ።